ኤላይ ዊሊትስ በኤፕሪል የት ይጀምር? ከልጄ ጋር አልተግባባንም

የናቲ አባት (አሌክሳንድሪያ)

ጤና ይስጥልኝ። የዋሽንግተን ናሽናልስን (የቤዝቦሉን ቡድን) የምትከታተሉ ሐበሾች ካላችሁ አንድ ክርክር ዳኙን። ከገና ወዲህ እራት በሰላም አልበላንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናሽናልስ ባለፈው ጁላይ በድራፍቱ (ቡድኖች በየዓመቱ አዲስ ተጫዋች በተራ በሚመርጡበት) ከሁሉም በፊት የመረጠው ልጅ ኤላይ ዊሊትስ ይባላል። ሾርትስቶፕ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ። የመጣው ከኦክላሆማ ገጠር፣ ፎርት ኮብ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሲመረጥ ገና 17 ዓመቱ ነበር። 18 የሞላው በዲሴምበር ነው። 8.2 ሚሊዮን ዶላር ተሰጥቶት ፈረመ። ኦገስት ላይ ፍሬደሪክስበርግ ላኩትና 15 ጨዋታ ተጫወተ፤ .300 መታ፣ ማለትም ከአሥር ሙከራ ሦስቱ ተሳካለት። አሁን የ2026 ውድድር ሊጀመር ነው። የት ይላክ?

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። በድራፍት የተመረጠ ልጅ በቀጥታ ትልቁ ቡድን አይገባም። ታች ካሉት ቡድኖች አንዱ ጋ ይላካል፤ እየበሰለ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ ያወጡታል። የናሽናልስ መጀመሪያው ፍሎሪዳ፣ ዌስት ፓልም ቢች ያለው የልምምድ ግቢ ነው። ከዚያ ፍሬደሪክስበርግ ሲንግል-ኤ፣ ዊልሚንግተን ሃይ-ኤ፣ ሐሪስበርግ ደብል-ኤ፣ ሮቼስተር ትሪፕል-ኤ። ከሮቼስተር በኋላ የትልቁ ቡድን ሜዳ፣ ናሽናልስ ፓርክ ነው።

ልጄ ናቲ 12 ዓመቱ ነው። እሱም ሾርትስቶፕ ስለሚጫወት ጉዳዩን የራሱ አድርጎ ነው የያዘው። ክርክሩ አጭር ነው፦ «ዳዲ፣ .300 መታ እኮ! ክፍሉን አለፈ። ያለፈ ተማሪ አይደግምም።» ዊልሚንግተን ይሂድ ባይ ነው።

እኔ ደግሞ 15 ጨዋታ ምኑ ክፍል ነው እላለሁ። የሲንግል-ኤ ቡድን በዓመት 132 ጨዋታ አለው። 15 ጨዋታ ማለት ደብተር ገዝተህ ሽፋኑ ላይ ስምህን እንደጻፍክ ነው። ፍሬደሪክስበርግ ይቆይ።

ግን እውነቱን ልናገርና እኔም ንጹሕ ዳኛ አይደለሁም። ፍሬደሪክስበርግ ከቤታችን 45 ማይል ገደማ ነው። አውራ ጎዳና 95 ላይ ትራፊክ ከሌለ አንድ ሰዓት አይፈጅም። (95 ላይ ትራፊክ የሌለበትን ሰዓት የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።) የምሠራው ማታ ማታ ፓርኪንግ ነው። ቤዝቦልንም የተማርኩት እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የናሽናልስን ጨዋታ የሚያስተላልፈውን ቻርሊ ስሎውስን በሬዲዮ እየሰማሁ ነው። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ናቲን ይዤ ፍሬደሪክስበርግ ወርጄ ለሥራዬ እመለሳለሁ። ልጁ ዊልሚንግተን ከሄደ ግን በዓመት አንዴ ካየነው ትልቅ ነገር ነው። ደላዌር ድረስ ማን ይነዳል?

እስቲ የኔን ጥቅም ወደ ጎን አድርጋችሁ ንገሩኝ። ለልጁ የሚሻለው የቱ ነው? መልሳችሁን ለናቲ አነብለታለሁ፤ እሱ ፊደል ገና «ሐመሩ ሐ» ላይ ነው።

ዳኒ (አርሊንግተን)

ናቲ ልክ ነው። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ባለፈው ዓመት ኮነር ግሪፊንን አላያችሁትም እንዴ? ፓይሬትስ በ2024 ድራፍት በ9ኛ ደረጃ የመረጠው፣ እሱም ከሃይስኩል የወጣ ልጅ ነው። በተመረጠበት ዓመት አንድም የውድድር ጨዋታ አልተጫወተም። 2025ን በሲንግል-ኤ ጀምሮ ዓመቱ ሳያልቅ ደብል-ኤ ደረሰ። በጠቅላላ 122 ጨዋታ፣ .333፣ 21 ሆምራን (ኳሷን ከሜዳ ያስወጣበት ምት)፣ 65 የተሰረቀ ቤዝ (ምት ሳይጠብቅ ሮጦ የያዘው)። በ19 ዓመቱ!

የራሳችን ሁዋን ሶቶስ? 2018 ላይ ሐገርስታውን (የያኔው ሲንግል-ኤ) 16 ጨዋታ፣ ፖቶማክ (የያኔው ሃይ-ኤ) 15፣ ሐሪስበርግ 8። በ39 ጨዋታ ሦስት ደረጃ ጨርሶ ሜይ 20 ትልቁ ቡድን ገባ። እሱም 19 ዓመቱ ነበር።

ጎበዝን ልጅ አይዙትም። ዊሊትስ ደግሞ አባቱ ሬጂ ዊሊትስ ለኤንጅልስ የተጫወተ፣ ያንኪስ ውስጥ አሠልጣኝ የነበረ ሰው ነው። ልጁ ቤዝቦል ሲወራ ነው ያደገው። ዊልሚንግተን ይሂድ፣ ጊዜ አታባክኑ።

ሚሚ (ባልቲሞር)

ዳኒ፣ የጠቀስካቸው ሁለቱም እኮ ዓመቱን ከሲንግል-ኤ ነው የጀመሩት። ግሪፊን ከብሬደንተን፣ ሶቶ ከሐገርስታውን። ራስህ ተከራክረህ ራስህ ረታህ፣ ሃሃ።

እኔ የኦሪዮልስ (የባልቲሞሩ ቡድን) ሰው ነኝ፤ በእናንተ ጉዳይ ባልገባ ይሻል ነበር። ግን ከዊሊትስ ጋር ቁርጥ የሚመሳሰል ልጅ እኛ ጋ አለ። ጃክሰን ሆሊደይ። እሱም ከኦክላሆማ፣ እሱም ሾርትስቶፕ፣ እሱም በ2022 ድራፍት አንደኛ፣ አባቱ ማት ሆሊደይም ስመ ጥር ተጫዋች። በተመረጠበት ዓመት መጨረሻ ላይ ዴልማርቫ 12 ጨዋታ አጫወቱት። ዴልማርቫ ማለት የእኛ ሲንግል-ኤ ነው፤ ከፍሬደሪክስበርግ ጋር አንድ ሊግ ውስጥ ናቸው።

2023 ሲጀመር የት ላኩት? እዚያው ዴልማርቫ መለሱት። 14 ጨዋታ ላይ .396 ሲመታ ኤፕሪል ሳያልቅ ወደ አበርዲን (ሃይ-ኤ) አወጡት። እዚያ 57 ጨዋታ፣ ቦዊ (ደብል-ኤ) 36፣ ከዚያ ኖርፎክ (ትሪፕል-ኤ) 18። በአንድ ዓመት አራቱንም ደረጃ አዳረሰ። ክፍሉን መድገሙ የወሰደበት ሦስት ሳምንት ነው።

እሱ የተቸገረው ላይኛው ቤት ነው። በ2024 ኤፕሪል ትልቁ ቡድን ገብቶ ከ34 ተራ 2 ጊዜ ብቻ መታ። ወደ ኖርፎክ መለሱት። ያን ሰሞን ጨዋታ ማየት አንጀት ይበላ ነበር።

የድሮው ሐገርስታውን (ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ)

የናቲ አባት፣ ሰላም ለቤትህ።

እኔ የምኖረው ፍሬድሪክ ሜሪላንድ ነው። ካንተ ፍሬደሪክስበርግ ጋር አታምታታው፤ የኔ ዘመዶች ሁሌም ያምታቱታል። ሐገርስታውን ለኔ ቅርብ ስለነበረ ብዙ ማታ እዚያ አሳልፌያለሁ። ዛሬ የናሽናልስ ቡድን የለበትም። በ2021 ሜጀር ሊግ ከሥሩ ያሉትን ቡድኖች ከ160 ወደ 120 ሲቀንስ ከተቆረጡት አንዱ እሱ ነው። ስታዲየሙ በ1930 የተሠራ ነበር። ከወንበሩ እስከ ሜዳው ያለው ርቀት እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ተጫዋቹ ሲያጉረመርም ትሰማዋለህ።

ዳኒ ለክርክሩ የሚጠቅመውን ሰው ረስቶታል፣ እኔ ልርዳው። ብራይስ ሃርፐር። እሱም በ2010 ገና በ17 ዓመቱ አንደኛ ተመረጠ። 2011ን ሐገርስታውን ጀምሮ ሃይ-ኤን ዘለለና በቀጥታ ሐሪስበርግ ደብል-ኤ ገባ። መዝለል የሚወድ ሰው ይህን ነው የሚጠቅሰው።

ግን ከመዝለሉ በፊት ሐገርስታውን 72 ጨዋታ ተጫውቷል። እዚያ ምን ሲያደርግ ነበር? ኤፕሪል ላይ ኳሷ አልመታ ብላው ነበር። ሰው «ይሄ ነው እንዴ ያን ሁሉ ገንዘብ የወሰደው» ማለት ጀመረ። ኋላ ዓይኑ ተመረመረና ሌንስ አደረጉለት። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው! ከሐገርስታውን የወጣው .318 መትቶ፣ 14 ሆምራን ይዞ ነው። ጁን ላይ ደግሞ ሆምራን መትቶ ቤዙን ሲዞር ለፒቸሩ (ለኳስ ወርዋሪው) በአየር ላይ ሳም ላከለት። አገር ጉድ አለ። ቴሌቪዥኑ ሁሉ ሲደጋግመው ሰነበተ። እንዲህ ያለውን የልጅ ነገር ትንሽ ከተማ ላይ አድርጎት ማለፉ ጥሩ ነው።

ሐሪስበርግ ሲደርስስ? 37 ጨዋታ፣ .256፣ 3 ሆምራን። ኦገስት ላይ የጭኑ ጅማት ተጎዳና ዓመቱ በዚያው አለቀ። በሚቀጥለው ኤፕሪል ግን ሎስ አንጀለስ ላይ ለናሽናልስ ተሰልፎ ነበር፤ ያን ዓመትም የጀማሪዎች ኮከብ ተባለ። ሃርፐር ነውና ተወጣው። እሱም ቢሆን ደብል-ኤ ላይ ፍጥነቱ ቀንሷል።

ዲላን ክሩስን ደግሞ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2023 ከኮሌጅ ሲመጣ ፍሬደሪክስበርግ 14 ጨዋታ .355 መታ። ዊልሚንግተንን አዘለሉትና ሐሪስበርግ 20 ጨዋታ .208። 2024ን እዚያው ሐሪስበርግ ጀምሮ በኦገስት መጨረሻ ናሽናልስ ፓርክ ደረሰ። ያ 20 ጨዋታ አልሰበረውም። 21 ዓመቱ ነበር፣ በኮሌጅ ቤዝቦል ትልልቅ ጨዋታ የለመደ ሰው ነው። የ18 ዓመት ልጅ ሌላ ነው።

የሚያሳስበኝ ምሳሌ ኢታን ሳላስ ነው። የፓድሬስ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዝ)። በ2023 ገና በ17 ዓመቱ ደብል-ኤ አስገቡት። ያን ጊዜ ስሙ ከአፍ አይወርድም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሃይ-ኤ ፎርት ዌይን መለሱትና 111 ጨዋታ ተጫውቶ .206 መታ። ልጁ ገና ወጣት ነው፣ ጊዜ አለው። ግን ያ ዓመት ሄደ።

እኔ ሒሳቡን የማየው እንዲህ ነው። ዝቅ አድርገህ ብታስጀምረው የምትከፍለው ጥቂት ሳምንት ነው። ሚሚ እንዳለችው ሆሊደይ ሦስት ሳምንት ከፈለ፣ አለቀ። ከፍ አድርገህ አስጀምረህ ካልሆነልህ ግን መመለስ ይመጣል። ቡድን ደግሞ መመለስ አይወድም። ሰው ያወራል፣ ጋዜጣ ይጽፋል፣ አንደኛ የመረጡት ልጅ ነው። ስለዚህ እየወደቀም እዚያው ያቆዩታል። ልጁ በበኩሉ ምቱን መነካካት ይጀምራል። ዛሬ እጁን ዝቅ፣ ነገ እግሩን ሰፋ። ያን ካበላሸ በኋላ ማቃናቱ ነው ዓመት የሚፈጀው።

አንድ ሰው የማያነሳው ነገር ላንሳ። ዊሊትስ በሁለቱም በኩል ነው የሚመታው። ፒቸሩ ቀኝ እጅ ከሆነ በግራ ይቆማል፤ ግራኝ ከሆነ በቀኝ። አብዛኛው ፒቸር ቀኝ እጅ ነው። ስለዚህ በቀኝ በኩል የሚቆምበት ተራ ሁልጊዜም አናሳ ነው። በ15 ጨዋታ ውስጥ ስንት ግራኝ ሊያጋጥመው ይችላል? ያ .300 በአብዛኛው የአንዱ ጎን ውጤት ነው ማለት ነው። ሌላው ጎን በወጉ አልተፈተነም። እሱ ጎን የሚበስለው በተራ ብዛት ብቻ ነው። በየቀኑ የሚሰለፍበት፣ ግራኝ ሲመጣም የማያስቀምጡት ቡድን ያስፈልገዋል።

ደግሞ ሾርትስቶፕ አንድ ቦታ ነው፤ ሁለት ሰው አይቆምበትም። ሌላው የናሽናልስ ወጣት ሾርትስቶፕ ሲቨር ኪንግ ያለፈውን ዓመት የጨረሰው ሐሪስበርግ ነው። ሦስተኛው፣ ሉክ ዲከርሰን፣ ፍሬደሪክስበርግ ነበር፤ አሁን መውጣት ያለበት እሱ ነው። ዊሊትስን አብረህ ዊልሚንግተን ብትልከው ቦታውን ይካፈላሉ። አንድ ቀን ሾርትስቶፕ፣ አንድ ቀን ሰከንድ ቤዝ፣ አንድ ቀን መምታት ብቻ። ፍሬደሪክስበርግ ከቀረ ግን ከማክሰኞ እስከ እሑድ ቦታው የራሱ ነው።

ስለ ዊልሚንግተንም አንድ ነገር ልበል። ፍሮሊ ስታዲየም እዚያው 95 ዳር ነው። ወደ ፊላደልፊያ ስትነዳ አጠገቡ ታልፋለህ። ለፒቸር ገነት፣ ለመቺ መከራ የሆነ ሜዳ ነው። ሌላ ቦታ ሆምራን የምትሆን ኳስ እዚያ አውትፊልደሩ (የሜዳው ዳር ተከላካይ) ጓንት ውስጥ ትገባለች። ኤፕሪል ላይ ብርዱ ሲጨመርበት፣ ፈጣን ኳስ በዱላው አንገት ስትመታ እጅህ ይነዝራል። ለ18 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱን እንዲህ አታስጀምረውም። ጁን ላይ ሞቅ ሲል ይሂድ።

ዳኒ (አርሊንግተን)

ጋሼ፣ በዚህ አነጋገርዎ ፍሎሪዳው ግቢ ቢቀመጥ ይሻላላ? ዝቅ ማለት ዋጋው ትንሽ ከሆነ ለምን ከታቹ አይጀምርም?

ደግሞ ፍሬደሪክስበርግ ምን ይፈትነዋል? እዚያ ያለው ፒቸር ሁሉ በኃይል ይወረውራል እንጂ የት እንደሚወረውር አያውቅም። ዝም ብለህ ቆመህ ዎክ ትሄዳለህ (አራት ኳስ ከሳተብህ አንደኛ ቤዝ በነፃ ይሰጥሃል)።

የድሮው ሐገርስታውን (ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ)

ዳኒዬ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ፍሎሪዳው ሊግ የሚጀምረው ሜይ ላይ ነው፣ ጁላይ ያልቃል። ተመልካች የሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ በልምምድ ሜዳ ላይ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ዊሊትስ ግን ሲንግል-ኤ ገብቶ እንደማይሰምጥ በ15ቱ ጨዋታ አሳይቷል። 15 ጨዋታ ያን ያህል ይነግርሃል፤ ከዚያ በላይ አይነግርህም።

ድሮ ቢሆን በመሃል ሌላ ቦታ ነበረ። ሶቶ በ2016 ከፍሎሪዳ ቀጥሎ ኦበርን ነው የሄደው፣ አጭሩ ሊግ። እነዚያን አጫጭር ሊጎች በ2021 አጠፏቸው። አሁን ከልምምድ ግቢው ቀጥሎ ያለው ሙሉ ዓመት የሚጫወተው ሲንግል-ኤ ነው። በዚህ የተነሳ ሲንግል-ኤ ከድሮው ከብዷል። አብዛኛው ተጫዋች 20፣ 21 ዓመቱ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሶ የመጣም ሞልቷል።

ቀላል ነው ለምትለው ደግሞ ኤላይጃ ግሪንን እይ። በ2022 ናሽናልስ በ5ኛ ደረጃ የመረጡት ነው። ያን የመሰለ ቁመና ያለው ልጅ 2023 ፍሬደሪክስበርግ ላይ ስትራይክአውት (በሦስት ስትራይክ መውጣት) አናቱ ላይ ወጣበት። 2024ንም እዚያው ጀመረ።

ስለ ፒቸሮቹ ያልከው ግን እውነት አለው። በኃይል ይወረውራሉ፣ ይስታሉ። ለዚህ ነው .300 ብዙ የማያስደንቀኝ። ደብል-ኤ ላይ ያለው ፒቸር ሁለት ቦል (የሳተ ኳስ) ሆኖበት እንኳ ስላይደሩን (ተጣማ የምትወርደውን ኳስ) ስትራይክ ያደርጋታል። ልጁ ከፎርት ኮብ ሲመጣ እንዲህ ያለ ፒቸር ሃይስኩል ውስጥ ስንት ጊዜ አየ? መልሱን ሁላችንም እናውቃለን።

የናቲ አባት (አሌክሳንድሪያ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ለናቲ ሁሉንም አነበብኩለት። ስለ ሃርፐር ሳም ሲሰማ ሳቀ፤ ዩቲዩብ ላይ ፈልጎ አገኘው፤ አሁን ያን ብቻ ነው የሚያየው። በዚህ በኩል አልጠቀማችሁኝም።

የሁለቱን ጎን ነገር ግን ሰምቶ ዝም አለ። ናቲ ዝም ካለ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው።

ደሞዝ ስንት ነው ብሎም ጠየቀኝ። በ2023 በተፈረመው ስምምነት ሲንግል-ኤ በዓመት 26,200 ዶላር፣ ሃይ-ኤ 27,300 ነበር አልኩት። «ዳዲ ካንተ ያንሳል?» አለኝ። አዎ፣ 8.2 ሚሊዮን ያልተሰጠው ልጅ ከፓርኪንግ ሠራተኛ ያንሳል። ቤቱን ቡድኑ ይችላል ብዬ አጽናናሁት። ለጊዜው ከቤዝቦል ወደ ሒሳብ ትምህርት ፊቱን ያዞራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አላዞረም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ የድሮው ሐገርስታውን። .300 ካልሆነ ልጁ ለመውጣት መድረሱን በምን እናውቃለን? ከወንበር ሆነን የምናየው ነገር አለ? ናቲ ቀነ ገደብ ካልተሰጠኝ አልስማማም ብሏል። የሱ ቀን ጁን 1 ነው።

የድሮው ሐገርስታውን (ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ)

ጁን 1 ለናቲ ተፈቅዷል። እኔም ከዚያ ብዙ አልርቅም።

በቁጥር ደረጃ ከመምታቱ ይልቅ ስትራይክአውቱን እና ዎኩን እያነጻጸራችሁ እዩ። ሮማን አንቶኒን ታውቁታላችሁ፣ የቦስተኑን። በ2023 የጀመረው እዚሁ ቨርጂንያ፣ ሴለም ላይ ነው፤ ከፍሬደሪክስበርግ ጋር አንድ ሊግ። ምቱ .228 ብቻ ነበር። ናቲ ቢጠየቅ ይደግማል የሚለው ውጤት ነው። ቦስተን ግን አወጣው። ምክንያቱም ዎኩ ብዙ ነበር፤ ኳሷንም ሲያገኛት አጥብቆ ነበር የሚመታት። ግሪንቪል (ሃይ-ኤ) ሲደርስ 54 ጨዋታ 12 ሆምራን መታ። ያን ዓመት ደብል-ኤ ደርሶ ጨረሰ።

ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ናሽናልስ ዋና ሥራ አስኪያጁን ማይክ ሪዞን ከድራፍቱ ሳምንት በፊት አሰናብተው አሁን ቤቱን የያዘው ፖል ቶቦኒ ነው። ቶቦኒ አንቶኒ ሲመረጥና ሲያድግ ቦስተን የነበረ ሰው ነው። የመምታት ቁጥር ብቻ አይቶ ልጅ የሚያወጣ ወይም የሚያስቀር አይመስለኝም። ስለዚህ ዊሊትስ ሜይ ላይ .240 እየመታ ዊልሚንግተን ቢሄድ እንዳትደነግጡ። .340 እየመታ ፍሬደሪክስበርግ ቢቀርም እንደዚሁ።

ከወንበር የምታዩት ደግሞ አለ። ሁለት ስትራይክ ሲሆንበት ስላይደር ከታች ስትወርድ እጁ ይሄዳል ወይስ ይቆማል? ኤፕሪል ላይ ይሄዳል፣ የሁሉም ይሄዳል። ሜይ መጨረሻ ላይ የሚቆም ከሆነ ደርሷል። ሌላው እግሩ ነው። የመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ ነው፣ ሳምንት ሙሉ ተጫውቶ የሚያርፈው ሰኞ ብቻ ነው። እሑድ ሰባተኛ ኢኒንግ (ዙር) ላይ መሬት ለመሬት ወደ ቀኙ የምትሄድ ኳስ ስትመጣ ሮጦ ከፊቷ ይቆማል ወይስ እጁን ብቻ ይዘረጋል? ሃይስኩል እያለ እንዲህ ያለ ድካም አያውቅም። ናቲም ሾርትስቶፕ ስለሆነ ይሄን ካንተ በተሻለ ያይልሃል፣ አትቀየመኝ።

ሚሚ (ባልቲሞር)

ዴልማርቫ ፍሬደሪክስበርግ የሚመጣበትን ሳምንት ፈልጌ እነግራችኋለሁ። እኔም እመጣለሁ። ብርቱካናማ ኮፍያ አድርጌ ነው የምቀመጠው፣ እንዳትደበድቡኝ።

ዳኒ (አርሊንግተን)

እሺ፣ ፍሬደሪክስበርግ ይሁን። ግን ከሜይ 15 በኋላ እጮሃለሁ።

ጋሼ፣ የቱ ጋ እንቀመጥ? ሁሌ ከሆም ፕሌቱ (መቺው ከሚቆምበት) ጀርባ ነው የምቀመጠው፤ ራዳር የያዙ ሰዎች ሞልተው አላስቀምጥ ይሉኛል።

የድሮው ሐገርስታውን (ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ)

በአንደኛ ቤዝ በኩል ተቀመጡ። በቀኝ የሚመታ ሰው ፊቱን ወደዚያ ነው የሚያዞረው፤ እጁን፣ ጉልበቱን፣ ዓይኑን ሁሉ ታያላችሁ። ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት የዚያን ቀን ማን እንደሚወረውር የቡድኑ ድረ ገጽ ላይ ተመልከቱ፤ ስሙ ቀደም ብሎ ይወጣል። ባላጋራው ግራኝ የሚያሰልፍበትን ቀን ምረጡ። ቀኝ እጅ ፒቸር ከሆነ ግን ሦስተኛ ቤዝ በኩል ይሻላል፤ ልጁ በግራ ሲቆም ፊቱ ወደዚያ ነው፣ ሾርትስቶፕም ላይ ሲቆም ለእናንተ ቅርብ ነው።